የአሰለፈች ማማሰያ

ልጄ ዘቢባ፣ ከጉና ተራራ ይብሳል ያልሽውን የቡልጋሪያ ብርድ አላህ ያቅልልሽ። አባትሽን ሳሉ ለቆታል።

ቀበሌው ቆርቆሮ ስለሰጠን ቤቱን እያደስን ነው። «የጓሮውን ማድ ቤት አፍርሳችሁ ከሳሎኑ ጋር አንድ አድርጉት» ያልሽውን አሰብኩበት። እውነትሽን ነው፤ እንግዳው ሳሎን ሲስቅ እኔ የሚያስቀውን ሳልሰማ ኖሬያለሁ። ግን ስንደግስ ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የራሳቸው ሰው ያርዳል፣ ወጡንም ከእነሱው አሰለፈች ለብቻው ትሠራለች። ሁሉም አንድ ላይ ከሆነ የእሷ ድስት የት ይጣዳል?

አናጢውን «አዲሱን ማድ ቤት ወደ ሳሎኑ ክፈተው፣ አሮጌውን እንዳትነካ» አልኩት። አሰለፈችም ይህን ስትሰማ ማማሰያዋን አምጥታ አሮጌው ማድ ቤት ሰቀለች። «ለዘቢባ ሠርግ ነው» አለችኝ።

አላህ እውቀትሽን ያብዛው፣ በሰላም ያገናኘን። ትምህርትሽን ስትጨርሺ አትዘግዪ፣ ልጄ። ማማሰያውን በየጁምዓው አቧራውን እጠርግለታለሁ።

እናትሽ ራቢያ