ስሙን ያልነገርኩዎት ገምጋሚ

ቢቸና፣ መጋቢት 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምሳሳልዎት አባቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ይዞዎታል? ከሞጣ ቢቸና ደርሶ መልስ ያን ሁሉ ሲንገጫገጩ ውለው ወገብዎ ተጎድቶ እንደሆነ እያልኩ ሳምንቱን ስጨነቅ ነው የሰነበትኩት። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን በአካል ደኅና ነኝ። ስልክ ስደውል አያነሱልኝም፤ እናቴ ስታነሳው ደግሞ ከኋላዋ ሆነው «የለም በያት» ሲሉ ይሰማኛል። አባቴ፣ መዋሸት አያውቁበትም። ስለዚህ በወረቀት መጣሁብዎት። የተጻፈ ነገር እጅዎ ገብቶ ሳያነቡት እንደማያድሩ አውቃለሁ።

አስቀድሜ ጉልበትዎን ስሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እሑድ ዕለት ደጄ ድረስ መጥተው፣ አብረውዎት የመጡት መሪጌታ አካለ ወልድና ጎረቤታችን ሐጂ እየሰሙ እምቢ አልኩዎት። ሐጂስ ጾመኛ ናቸው፣ ምክንያት አላቸው፤ እርስዎና መሪጌታ ግን ያቀረብኩላችሁን የሱፍ ፍትፍት ሳትቀምሱ፣ ወንበር ላይ ሳትቀመጡ፣ እንደ ቆማችሁ ተናግራችሁ እንደ ቆማችሁ ሄዳችሁ። ከሄዳችሁ በኋላ በጣም አለቀስኩ። ተናድጄም ነበር። አሁንም ንዴቱ ሙሉ በሙሉ አልበረደልኝም፤ ልደብቅዎት ብሞክርም ያውቁብኛል።

ሽማግሌ ለጋብቻ ሲላክ አይቻለሁ። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ድንበር ሲገፋ፣ ሰዎች ደም ሲቃቡም አይቻለሁ። የምርምር ጽሑፍ ይታተምልኝ ተብሎ ሽማግሌ የተላከባት አዘጋጅ ግን ከእኔ በፊት የነበረች አይመስለኝም። ሌላ ጊዜ ቢሆን አብረን እንስቅበት ነበር።

ጋሼ ኃይለ ጊዮርጊስ የማኅበር ወንድምዎ ናቸው፤ የእሳቸው መከፋት እርስዎን እንደሚያምዎት ይገባኛል። እኔንም ምሕንድስና ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ይህን የምሕንድስና ጆርናል የመሠረቱትም እሳቸው ናቸው። የመጀመሪያዎቹን እትሞች በስቴንስል አባዝተው፣ በማዳበሪያ ጆንያ ከትተው ከሉማሜ እስከ ሞጣ ሲያድሉ እርስዎም ተሸክመውላቸዋል። ዛሬም ደሞዝ የሚከፈለው ሰው የለንም። እኔ እዚህ ከማስተማር ስመለስ፣ ሃና ደብረ ኤልያስ ሆና ቋንቋውን እያረመች፣ ባምላኩም እዚያው ሞጣ መብራት ሲመጣለት ኮምፒውተሩ ላይ እየተጣደ የምንሠራው ነው። ግን እውነቱን ልንገርዎት፤ ለብዙ ዓመት ለጆርናላችን ተልኮ የተመለሰ ጽሑፍ አልነበረም። ገምጋሚው የጸሐፊውን ስም ያያል። ጸሐፊው ወይ አስተማሪው ነው፣ ወይ አለቃው፣ ወይ የክርስትና አባቱ። «እጅግ ግሩም ነው፤ ይታተም» ብሎ ፈርሞ ይመልሰዋል። በዚህ የተነሣ ከሠፈራችን ውጭ የሚያምነን ጠፋ።

ዘንድሮ ወደ ኦንላይን ስንዛወር ስም መደበቅ ጀመርን። ባምላኩ በሠራው ዌብሳይት በኩል ጽሑፉ ለገምጋሚ ሲደርስ የጸሐፊውም ሆነ የቦታው ስም የለበትም፤ የገምጋሚውም ስም ለጸሐፊው አይደርስም። ማን የማንን እንዳነበበ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ገምጋሚዎቹ ለሚስታቸውም ሆነ ለወላጆቻቸው እንዳይናገሩ ቃል አስገብቻቸዋለሁ፤ እኔም ለእነሱ ቃል ገብቻለሁ።

ጋሼ ኃይለ ጊዮርጊስን መጀመሪያ ያስቀየማቸው ማሽኑ ይመስለኛል። «ጽሑፍዎ በአሁኑ ይዞታው ተቀባይነት አላገኘም» የሚል ኢሜይል ያለ ሰላምታ፣ ያለ ማዕረግ ደረሳቸው። ይህ ነውር ነው። ባምላኩን ተቆጥቼ አናቱ ላይ ሰላምታ አስገብቼበታለሁ። የጽሑፉ ነገር ግን በሰላምታ የሚቃና አይደለም።

ከድንጋይ የሚገነባ የውሃ ታንከር እስከ ዛሬ ከምናስገባበት ፌሮ ግማሹ ይበቃዋል ይላሉ በጽሑፋቸው። ሞጣ፣ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ አንድ ታንከር ሠርተው፣ ውሃ ሞልተው ሞክረውታል፤ አልተሰነጠቀም። ገምጋሚው ቁጥሮቹን ሲያይ አንድ ነገር ከነከነው። ከግድግዳው ሥር የተለካው የውሃ ግፊት ለሙሉ ታንከር አነሰበት። ቢያሰላው የግማሽ ታንከር ሆኖ አገኘው። ሞጣ ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ፤ ያ ታንከር አንድም ቀን ሞልቶ አያውቅም ማለት ነው። ጋሼ ዋሽተዋል አልልም። ጡረታ ሳይወጡ የአዲሱ ጆርናል የመጀመሪያ ጽሑፍ የእሳቸው እንዲሆን ቸኮሉ፣ የጎደለውን በልባቸው ሞሉት። ግን ጽሑፉ እስኪታተም የሚጠብቁ የትምህርት ቤት ኮሚቴዎች አሉ፤ በዚያው ስሌት ሊገነቡ ድንጋይ እያስፈለጡ ነው። ታንከሩ ሞልቶ ግድግዳው የፈረሰ ቀን ከሥሩ ተሰልፈው የሚገኙት ልጆች ናቸው። እርስዎ ዕድሜዎን ሙሉ ርዕሰ መምህር ነበሩ፤ ከዚህ በላይ ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

ልቤ አልወላወለም ብዬ አልዋሽም። ሃና ራሷ፣ ለሽማግሌ ስንል እናትመውና በሚቀጥለው እትም እርማት እናወጣለን ብላኝ ነበር። አንድ ሌሊት ሙሉ አሰብኩበት። እርማቱ እስኪወጣ ግድግዳው ይቆማል፤ የቆመ ግድግዳ ደግሞ እርማት አያነብም።

ይህን ሁሉ ደጄ ላይ ልነግርዎት ስጀምር አቋረጡኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ ሰውየው ማን ነው አሉ። መሪጌታም አገዙዎት፤ በቅኔ ቤት የሚያርም ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ ያርማል፣ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ መንቀፍ ከየት የመጣ ነው አሉ። አልናገርም አልኩ። ደግመው ጠየቁኝ፤ አሁንም አልናገርም አልኩ። ያኔ ከዘራዎን አንሥተው፣ ስሙን ሸሽጎ ትልቅ ሰው ያዋረደ ዘር አይውጣለት አሉ። ሐጂ እጅዎን ያዝ አድርገው፣ በጾም እንዲህ አይባልም አሉዎት። እርስዎ ግን ፊትዎን አዙረው ሄዱ። አባቴ ሲራገሙ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼ አላውቅም።

ሰውየው ፈሪ አይደለም። ፈሪ ቢሆን ኖሮ «ግሩም ነው» ብሎ ፈርሞ ይገላገል ነበር። እርስዎ የሚኒስትሪ ፈተና ሲያርሙ የተማሪው ስም ተሸፍኖ ነበር የሚመጣልዎት። የወንድምዎ ልጅ ይሁን የባላንጣዎ ልጅ ሳያውቁ ነበር ቀይ እስክሪብቶ የሚያነሡት። ያ ትክክለኛ ፍርድ ከነበረ ይህም ትክክለኛ ፍርድ ነው። እሱም የማንን ጽሑፍ እንደሚያነብ አላወቀም። ያወቀው ሽማግሌ ተላከ ሲባል እንደማንኛውም ሰው ሰምቶ ነው።

ለጋሼ ኃይለ ጊዮርጊስ ማክሰኞ ደወልኩላቸው። ብዙ ተቆጡኝ። ሲደክማቸው፣ ታንከሩን እስከ አፉ ያስሞሉት፣ ሞልቶ ሳምንት ከቆመ እኔ ራሴ መጥቼ እግርዎ ላይ ወድቄ አትመዋለሁ አልኳቸው። በመጨረሻ እሺ አሉ። አሁን በየፈረቃው እያስሞሉት ነው፤ ልጆቹንም ከዚያ አካባቢ አርቀዋል። ቅዳሜ አፉ ድረስ ይደርሳል ብለውኛል።

እኔ ግን ቅዳሜን መጠበቅ አልችልም። ለምን እንደማልችልም ልነግርዎት አልችልም። ታንከሩ ቢሰነጠቅም ባይሰነጠቅም የእርግማኑ ነገር ከእሱ ጋር አይገናኝም። ሰውየው ተሳስቶ እንኳ ቢሆን ያየውን ነው የጻፈው።

ትናንት እናቴ እርስዎ ቤተ ክርስቲያን ሳሉ ተደብቃ ደወለችልኝ። አይቆጧት። እሑድ ከዚህ እንደተመለሱ እራት ላይ ሁሉንም አውርተው፣ እርግማኑንም እንደ ደገሙት፣ ገበታውን የከበበውም ሰው ሁሉ አሜን እንዳለ ነገረችኝ። ምራትዎ ስርጉት እንኳ ያን ያህል ሆዷን ደግፋ ከሁሉ በላይ ጮክ ብላ አሜን አለች አለችኝ። ወሯ ገብቷል አይደል? ወንድሜ ዘመነ ግን የጎረሰውን ሳይውጥ እጁን ሊታጠብ ተነሣ አለች። ከዚያ ወዲህ ከሚስቱ ጋር በወጉ አያወራም፤ ከውሃ ቢሮ ሲወጣ ቤቱ አይገባም፤ ጊዮርጊስ ደጅ ቆሞ ያመሻል። የመጀመሪያ ልጁ ስለሆነ ፈርቶ ነው፣ ወንዶች እንዲህ ናቸው አለችኝ እናቴ። እኔም አዎ፣ እንዲህ ናቸው አልኳት።

አባቴ፣ አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። ከአፍዎ የወጣውን በአፍዎ ይመልሱት። ለጋሼ ኃይለ ጊዮርጊስ መንገር የለብዎትም፤ ለእኔም አይደውሉ፤ ካልፈለጉ ከእኔ ጋር አይታረቁ። ይህ ደብዳቤ በደረሰዎት ዕለት፣ እራት ቀርቦ ሁላቸውም በተሰበሰቡበት፣ ያን ሰው ምሬዋለሁ፣ ዘሩ ይባረክ ይበሉ። ሁሉም እንዲሰማ አድርገው ይበሉት። ስርጉትም አሜን ትበል። ለምን በእኔ ቤት፣ ለምን በእኔ ገበታ ብለው ግን አይጠይቁኝ፤ ቢጠይቁኝም እንደ እሑዱ ዝም ነው የምለው።

እናቴን ጉንጯን ይሳሙልኝ። ለመሪጌታና ለሐጂ በየጾማቸው በረከታቸው ይድረሰኝ ብላለች ይበሏቸው። ስርጉትን ማርያም ትቅረባት። እርስዎንም እግዚአብሔር በዕድሜ በጤና ጠብቆ፣ የልጅ ልጅዎን አቅፈው ስም ለማውጣት ያብቃዎት። ዘመነን ደግሞ ምንም ሳይጠይቁት አቅፈው ይሳሙልኝ።

እምቢ ያለችዎት፣ የምትወድዎት
ልጅዎ