ስለ ምድር ቤቱ ሽታና በእጄ ስለ ሰረዝኩት ቃል

ለተከበሩ የሕንፃው አስተዳደር ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ፣ በተለይም አፍንጫዎ፣ ደኅና እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ በሕንፃዎ ምድር ቤት ልብስ ስታጥብ የሞተችው ልጅ እናት ነኝ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል ስላላለፈ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ እርስዎም ለእኛ ሲመልሱ ቸኩለው ስለማያውቁ እንደሚታገሡኝ አምናለሁ።

አንደኛ፣ የምርመራውን ውጤት ስላደረሱኝ አመሰግናለሁ። ከፍሳሽ ጉድጓዱ ይወጣ የነበረው ሽታ በእንግሊዝኛ «ኖይሰም» እንደ ነበረ ባለሙያዎ ጽፈዋል። የሚተረጉምልኝ ስላጣሁ ጎረቤቴን፣ ጡረታ የወጡትን መምህር፣ ጠየቅኳቸው። መዝገበ ቃላታቸውን አውጥተው፣ ዛሬ ክፉኛ የሚገማ ማለት እንደሆነ፣ ድሮ ግን የሚጎዳ ማለት እንደ ነበረ፣ ሥሩም ከማወክና ከማስቸገር እንደሚመጣ አስረዱኝ። ጉዳቱ መንገድ ላይ ቀርቶ ግማቱ ብቻ ደረሰ ማለት ነው። እንግሊዞቹ ለዚህ ብዙ መቶ ዓመት ፈጅቶባቸዋል፤ የእርስዎ መዝገብ ቤት በአንድ ጠዋት ጨርሶታል።

ሁለተኛ፣ ያንን ጠዋት ላስታውስዎ። ልጄ ዓይኔን ያቃጥለኛል፣ ራሴን ያዞረኛል ስትለኝ ማመልከቻውን አብረን ጻፍን፤ «እንደ በሰበሰ እንቁላል የሚከረፋ ነገር ከጉድጓዱ እየወጣ ይጎዳናል» ይል ነበር። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ፣ በቅንነት ነው፣ «እናቴ፣ ይጎዳናል ካሉ የሐኪም ማስረጃ አምጡ ይባላሉ፤ ይሸተናል ይበሉት፣ ቶሎ ያልቅልዎታል» አለችኝ። ልጄ እጄን ያዘችኝ። እኔ ግን ከሥራ እንዳያስወጧት ፈርቼ ቃሉን በገዛ እጄ ሰረዝኩት። በእውነትም ቶሎ አለቀ፤ በሳምንቱ የሎሚ ጠረን ያለው የሚረጭ ሽቶ ስድስት ጣሳ ላኩ። ስለ ሎሚው አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፣ ውጤቱ «በአደጋው ዕለት ሽታ እንዳልነበረ ሠራተኞች መስክረዋል» ይላል። እውነት ነው። ልጄም ረፋድ ላይ ደውላ፣ «እማዬ፣ ዛሬ እኮ ምንም አይሸትም፤ ሠሩት መሰለኝ። አንቺ ደግሞ ስታሚያቸው!» ብላ ስቃብኛለች። አስከሬኗን ያየው ሐኪም እንደ ነገረኝ፣ ያ ከጉድጓዱ የሚወጣው ጋዝ ሲበዛ ከሰው አስቀድሞ የሚገድለው የማሽተት ችሎታውን ነው።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። መዝገቡን ያስወጡና የሰረዝኩትን ቃል መልሰው ይጻፉልኝ። ስርዙ የእኔ ነው፣ አልክድም። ከሥሩ «ሽቶ ይላክ» ከሚለው ጋር ያለው ፊርማ ግን የእርስዎ ነው።

ስለ ሎሚውም ስለ እንግሊዝኛውም ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

በመዝገብዎ «የሽታ አመልካች» ተብዬ የሰፈርኩት እናት

ማስታወሻ፦ ዛሬ ጠዋት የልጄ ባልደረቦች ደውለው ሽታው ድንገት ጠፋ ስላሉኝ፣ ጮኼ ሁሉንም አስወጥቻቸዋለሁ። ክፍሉ ባዶ ነውና ወርደው ማረጋገጥ ይችላሉ። ሲገቡ ግን በሩን ክፍት ይተዉት፤ እናትዎ በሕይወት እንዳሉ ሰምቻለሁ።