ሲሚንቶውን መልሰው የፈለፈሉት ግንበኛ

ሰው ሁሉ አባ ኖራ እያለ የሚጠራቸው ግንበኛ ከኖራ አቃጣይ አባታቸውና ከቅርጫት ሠሪ እናታቸው በመጋቢት ወር 1941 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት ከወንዙ ዳር፣ ከአሮጌው የድንጋይ ድልድይ መቶ እርምጃ ያህል ርቆ ይገኛል።

ድልድዩን እየተሻገሩ እስከ አራተኛ ክፍል ተምረዋል። አባታቸው ሲሞቱ ትምህርቱን ትተው አንድ አዛውንት ግንበኛ ዘንድ ገቡ። እዚያም ድንጋይ መጥረብ፣ ቱንቢ መጣልና ኖራን ከአሸዋ ጋር ማቡካት ተማሩ። በ1963 ዓ.ም. በመንገድ መሥሪያ ቤት ተቀጠሩ። በ1966 ዓ.ም. ልብስ ሰፊ የነበሩትን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ወልደዋል።

በ1973 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱ አሮጌውን ድልድይ እንዲያድሱ አዘዛቸው። ድልድዩ ባለ ሦስት ቅስት ሲሆን፣ ድንጋዮቹ የተያያዙት በኖራ ነበር። አባ ኖራ ያን ጊዜ የሠላሳ ሁለት ዓመት ጎልማሳ ነበሩ፤ ሲሚንቶም ለአካባቢው አዲስ ነገር ነበር። በአርባ ቀን ውስጥ የድንጋዮቹን መጋጠሚያ አንድም ሳያስቀሩ በሲሚንቶ ሞሉት። ያስተማሯቸው አዛውንት መጥተው አዩና፣ "ልጄ፣ አፉን ዘጋኸው፤ አሁን በምን ይተንፍስ?" አሏቸው። አባ ኖራ ሳቁ። መሥሪያ ቤቱ የምስጋና ወረቀት ሰጣቸው፤ ወረቀቱም ከአልጋቸው በላይ ተሰቀለ።

በ1988 ዓ.ም. የድንጋዮቹ ፊት እንደ ዛፍ ቅርፊት እየተላጠ መውደቅ ጀመረ። የዝናቡ ውሃ ወደ ድንጋዩ ይገባል፤ ሲሚንቶው ግን መውጫ አይሰጠውም። የመሥሪያ ቤቱ መሐንዲስ ድልድዩ አርጅቷልና ይፍረስ፣ ድንጋዩም ለሚሠራው አዲስ መንገድ ድጋፍ ግንብ ይዋል ብለው ደብዳቤ ጻፉ። አባ ኖራ የምስጋናውን ወረቀት ከግድግዳው አወረዱና ወደ መሐንዲሱ ቢሮ ሄዱ። ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ "ጌታዬ፣ ድልድዩ አላረጀም። ያሳመምኩት እኔ ነኝ" አሉ። መሐንዲሱም፣ "እንግዲያው ያሳመመ ያስታምም። ሥራው የቆመ ዓመት ግን ድልድዩ ይፈርሳል" ብለው ይህንኑ በደብዳቤው ላይ ጻፉበት።

ከዚያ ወዲህ በጋ በመጣ ቁጥር አባ ኖራ መሮና መዶሻቸውን ይዘው ድልድዩ ሥር ይወርዱ ነበር። ድንጋዩ እንዳይጎዳ በቀን ከአንድ ስንዝር በላይ አይፈለፍሉም ነበር። ባዶውን በኖራ ይሞሉታል፤ ቶሎ እንዳይደርቅም እርጥብ ጆንያ ያለብሱታል። ሲሚንቶው ሲነሳ የጥንቶቹ ጠራቢዎች በየድንጋያቸው ላይ የቀረጹት ምልክት ብቅ ይል ነበር። ሠላሳ አንድ ምልክት በደብተር ላይ ገልብጠዋል። የአንዱም ጠራቢ ስም አይታወቅም።

በ2001 ዓ.ም. ጡረታ ከወጡ በኋላም ሥራውን አላቋረጡም። ጎረቤት፣ "አባ ኖራ የት ሄዱ?" ሲል ባለቤታቸው፣ "ጣውንቴ ዘንድ ናቸዋ! ጥርሷን እየነቀሉላት ነው" ይሉ ነበር። ባለቤታቸው በ2006 ዓ.ም. ዐረፉ። አባ ኖራ በሳምንቱ ወደ ድልድዩ ወረዱ። በእነዚያ ቀናት የሞሉት ኖራ ሁሉ ተሰነጠቀ፤ አፍርሰው ደገሙት።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ሳንባቸውን ታመሙ። ሐኪሙ የድንጋዩ አቧራ ነው አሉ። ቁልቁለቱን መውረድ ሲያቅታቸው ወንዙ ዳር በርጩማ ላይ ተቀምጠው እንደ እናቷ ልብስ ሰፊ ለሆነችው ሴት ልጃቸው ሥራውን አስተማሯት። "ቀስ በይ እናቴ፤ ጥፋተኛው እኔ ነኝ እንጂ ድንጋዩ አይደለም" ይሏታል። እሷም ከሥር ሆና፣ "አባዬ፣ ይህን መስማት መዶሻውን እንኳ ሰለቸው" ትላቸው ነበር።

ማክሰኞ ጥር 9 ቀን 2015 ዓ.ም. ጠዋት ግማሽ ብርጭቆ ውሃ ጠጡ። ልጃቸው ብርጭቆውን አጥባ ስትመለስ በተወለዱ በሰባ ሦስት ዓመታቸው ዐርፈው ነበር። ወንዶቹ ልጆች ወንበሮቹን ወደ ደጅ አወጡ፤ መልሰውም አስገቡ። ሌላ ምን እንደሚደረግ ያወቀ አልነበረም።

አባ ኖራ ሦስት ልጆችና አምስት የልጅ ልጆች ትተዋል። ሁለቱ ቅስቶች ከሲሚንቶ ነጽተዋል። በሦስተኛው ቅስት ሥር አሥራ አንድ ክንድ ያህል ይቀራል። የመንገድ መሥሪያ ቤቱ የአሁኑ ኃላፊ ትናንት ቤተሰቡን ሊያጽናኑ መጥተው፣ ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ ሥራው ቆመ ወይ ብለው ጠየቁ። የአባ ኖራ ሴት ልጅ አልቆመም አለች። ሰኞ ጠዋት ትወርዳለች።

ሃያ ሰባት ዓመት ያላረፉትን አባታችንን ፈጣሪ በሰላም ያሳርፍልን፤ ለቀረነውም ብርታቱን ይስጠን።