የእማማ ውድነሽ ዋንዛ

ሰኞ፣ ግንቦት 17

ቃል ገብቼ መጣሁ። ሰባታሚት፣ እማማ ውድነሽ ግቢ። አፌን ምን እንደከፈተው አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የከፍተኛው መብራት መስመር በጓሯቸው በላይ ያልፋል። ከሽቦው ሥር ረዥም ዛፍ አይፈቀድም፤ እየዞርሁ የምለካውና የሚቆረጠውን የምመዘግበው እኔ ነኝ። የሳቸው ዋንዛ ጫፉ ሽቦውን ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። ግንዱ ደግሞ የቆመው ጎርፍ በሸረሸረው ገደል፣ በቦረቦሩ አፋፍ ላይ ነው፤ አፈሩን ይዞ ያቆመው የሱ ሥር ነው። አምና ክረምት ጎርፉ ከዛፉ ወዲያ ያለውን አጥርና ሽንት ቤት ጠርጎ ወሰደ። ከዛፉ ወዲህ ያለው ቤት ተረፈ።

«ልጄ፣ ጠጉሩን ላጩት፤ አንገቱን ግን አትንኩብኝ» አሉኝ።

«ቅርንጫፉን ብቻ ነው የምናነሳው፣ ግንዱን አንነካም» አልኋቸው።

አለቃዬ ኢንጂነር ታደለ ሲሰማ ሳቀ። «መብራቱ ሳይጠፋ ዛፍ ላይ ሰው አላወጣም። የማጥፊያ ፈቃድ ካገኘሽ ቅርንጫፉን አስቆርጪ። ካላገኘሽ ከሥሩ ቆርጠን በገመድ ወደ ቦረቦሩ ስበን እንጥለዋለን» አለኝ። ዝናቡ ደግሞ ደርሷል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 18

ተፈቀደ! ዓርብ ከጧቱ ሦስት እስከ ስድስት ሰዓት መስመሩ ይጠፋል። ኮምፒውተሩ ላይ ቅጹን ስሞላ ባዶ የሆነ ቀን አየሁ፤ በፈረንጅ 29። ሌላው ሳይቀድመኝ ብዬ ወዲያው ላክሁት። በዚህ መሥሪያ ቤት እንዲህ የቀለለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ገመድ፦ አለ። የእጅ መጋዝ፦ ሁለት አለ። ጌትነት፦ ስልኩ ዝግ ነው። ጌትነት እዚያው ሰባታሚት የሚኖር ዛፍ ቆራጭ ነው፤ አወጣጡ ጉድ ነው፤ ዋንዛ ጫፍ ላይ ከሱ ሌላ የማምነው ሰው የለም። «ዓርብ ጧት ሥራ አለ፣ ከነጓደኞችህ ና» ብዬ መልእክት ጻፍሁለት።

እማማ ውድነሽ ጋም ደወልሁ። ተፈቀደ ስላቸው ቀኑን እንኳ ሳልነግራቸው ምርቃቱን አወረዱብኝ። ደስ ብሎኝ ዋልሁ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 20

ጌትነት ደወለ።

«እትዬ፣ ዓርብ ነው ያልሽው? ነገ እኮ ማርያም ናት። የግንቦት ማርያም!»

ክው አልሁ። የቄስ ልጅ ነኝ እኮ! ሃያ አንድን ልርሳ! 29 የሚል ቁጥር አይቼ፣ በኛ ስንት ነው ብዬ እንኳ ሳልጠይቅ! ምነው እጄን በቆረጠው።

የሞከርሁት፦

ፈቃድ ሰጪዋ። «ቀኑን የመረጥሽው አንች ነሽ። ከክረምት በፊት ሌላ ባዶ ቀን የለም» አለችኝ፤ እውነቷን ነው።

ሰው ወደ ላይ የሚያነሳው ባለቅርጫት መኪና። ቦረቦሩን አይሻገርም።

ሌሎች ዛፍ ቆራጮች። አራት ሰው ጠየቅሁ፣ መልሳቸው አንድ፦ በማርያም አንሠራም።

ጌትነትን እንደገና ለመንሁት። «ሌላ ቀን በነጻ ልውጣልሽ። ነገ ወጥቼ ብወድቅ ግን ማን ያዝንልኛል?» አለኝ።

በመጨረሻ አንበሳሜ፣ ቄሱ አባቴ ጋ ደወልሁ። «የሰው ቤት ከጎርፍ ለማዳን ከሆነ እመቤታችን አትቆጣም» አሉኝ። ደስ ሊለኝ ሲል ቀጠሉ፤ «ግን ያልፈቀደውን ሰው የኔን ስም ጠርተሽ ዛፍ ላይ እንዳታወጪው።»

እሽ አባባ።

ዓርብ፣ ግንቦት 21

መብራቱ ልክ በሦስት ሰዓት ጠፋ። ሌላ ጊዜ የሚዘገየው ሁሉ ዛሬ ሰዓት አክባሪ ሆኗል።

መጋዝ ይዤ ብቻዬን ዋንዛው ሥር ቆምሁ። ከደጁ ያለውን መቀመጫ፣ ዱካውን አምጥቼ ወጣሁበት። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ጋ እንኳ አልደረስሁም። ማንም እንዳላየኝ ዘወር ዘወር ብዬ አይቼ ወረድሁ።

እማማ ውድነሽ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መጋዙን አዩ፣ እኔን አዩ። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ ከሥሩ እንደሚቆረጥም ጭምር። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። «ታዲያ በማርያም ቀን ምን ይደረግ?» አሉና ከማኅበሩ ያመጡትን ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ።

በስድስት ሰዓት ሽቦው እዝዝ ማለት ጀመረ። ያ ሁሉ ሰው መብራት አጥቶ የዋለው በኔ ምክንያት ነው፤ አንድ ቅጠል አልተነካም።

ሰኞ፣ ግንቦት 24

ተቆረጠ። ሃያ ደቂቃም አልፈጀ። ወረቀቱ ላይ የፈረምሁት እኔ ነኝ።

ከኢንጂነር ታደለ ጋር ተጨቃጭቄ ያተረፍሁት አንድ ነገር ነው፦ ጉቶው እስከ ወገቤ ቀረ፣ ሥሩም አልተነካም። ዋንዛ ሲቆረጥ ያቆጠቁጣል። ይኸንኑ ለእማማ ነገርኋቸው።

«መቼ?» አሉኝ።



ረቡዕ፣ ግንቦት 26

ትናንት ከሰዓት ዘነበ፤ ዝናብ ነው ወይስ መዓት! ቢሮ ተቀምጨ በጣና በኩል ሰማዩ ሲጠቁር ሳይ ዋልሁ። እማማ ጋ ብደውል ብደውል አይነሳም።

ዛሬ ጧት በባጃጅ ከነፍሁ። ቤቱ አለ። ተመስገን! ጉቶውም አለ። ከጉቶው በስተግራ ግን አፋፉ ተገምሶ ሄዷል፤ ቀይ አፈሩ ገና እርጥብ ነው። እማማ ውድነሽ አልጋቸውን በገደሉ በኩል ካለው ግድግዳ አንስተው ወደ ምድጃው አዛውረውታል።

«ሜትርሽን ይዘሻል? እስቲ ከግድግዳው እስከ ገደሉ ለኪልኝ» አሉኝ።

ለካሁ። ሦስት ሜትር ከሃያ።

«ከዝናቡ በፊት ስንት ነበር?»

አላውቅም። የዛፉ ጫፍ ከሽቦው ስንት እንደሚርቅ እስከ ሳንቲሜትሩ መዝግቤያለሁ። ከቤታቸው እስከ ገደሉ ግን አንድ ቀን ለክቼ አላውቅም፤ ቅጹም አይጠይቅ። አፍሬ ይኸንኑ ነገርኋቸው።

«እንግዲህ ከዛሬ እንጀምራ» አሉ።

ለምልክት ገደሉ ጫፍ ላይ ችካል ልመታ ስል ክንዴን ያዙኝ። «እዚያ አይደለም፣ ዛሬውኑ ይሄድብሻል። ወደዚህ አምጭው።»

አንድ እርምጃ ወደ ቤቱ አስጠጋሁት።

«ትንሽ ጨምሪ» አሉኝ።

ጨመርሁ።