በጥርሱ ያጠበቀው ቋጠሮ

ጥር 8

ዛሬ ባለቤቴ የላስቲክ ኳሱን በግራ እጁ አራት ጊዜ ጨበጠ። የታዘዘው ሃያ ነው።

ፊዚዮቴራፒስቷ ይሄን ደብተር ስትሰጠኝ "በየቀኑ ስንት ጊዜ እንደጨበጠ መዝግቢልኝ" ነው ያለችኝ። ከፊት በኩል እሱን እመዘግባለሁ። ከኋላ በኩል ደግሞ ይሄን... ለማን ልንገረው ታዲያ? ለስፌት መኪናዬ?

እንደ ሌላው ቀን ነው የዋልነው። ስድስት የተማሪ ቀሚስ ጨረስኩ። እሱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ዋለ። ስትሮኩ ከመታው አምስተኛ ወሩ። እግሩ ተመልሷል፣ በከዘራ ይሄዳል። ምላሱም ተፈቷል። ግራ እጁ ግን ጭኑ ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ የሰው ዕቃ አደራ የተቀበለ ይመስል። "በእነዚህ ወራት ካልሠራበት እንዲሁ ይቀራል" ብላናለች ሴትየዋ። ሰምቷል።

ከሰዓት እትዬ ደወሉ፣ ታላቅ እህቱ። ስልኩን ተቀብሎ ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? "እትዬ፣ መጥተሽ ውሰጂኝ። እዚህ ሸክም ሆኛለሁ።" እኔ እዚያው አጠገቡ ቁጭ ብዬ ቁልፍ እየተከልኩ። እሳቸውም የካቲት ሃያ እመጣለሁ አሉት።

ሸክም ያለው ማን ነው? አንድ ቀን ፊቴ ጠቁሮበት ይሆን? ሃያ ዓመት አብሬው ኖሬ... እኔን ሳይጠይቅ።

ጥር 14

ዚፕ ፍለጋ አልጋ ስር ገብቼ ካይቱን፣ ያንን በነፋስ የሚያበረውን ሸራ፣ አወጣሁት። የልጆች ወረቀት አይደለም። ክንፉ ከቁመቴ ይረዝማል፣ ሁለት ገመድ አለው፣ በሁለት እጅ እንደ መኪና ነው የሚነዳው። አውቶቡስ ሾፌር ሳለ በምሳ ሰዓት ከአውቶቡሶቹ ጋራዥ ጀርባ ያለው ሜዳ ላይ ያበረው ነበር። "ትልቅ ሰው" እያልኩ እስቅበት ነበር።

ሸራው ጫፉ ላይ ተቀዷል። ልስፋው ብዬ ስፌት መኪናው ስር አስገባሁት።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለ ከበረንዳ።

በሳምንት ውስጥ የመጀመሪያ ጥያቄው።

"እየሰፋሁ ነዋ።"

"እንደሱ አጥብቀሽ ከሰፋሽው በመርፌው ቀዳዳ መስመር ይተረተራል። መጀመሪያ ፕላስተር ለጥፊበት። ከዚያ ስፌቱን አራርቂው።"

ዕድሜዬን በስፌት የፈጀሁ ሴትዮ ስለ ስፌት ተማርኩ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ልክ ልኩን ነበር የምነግረው። ዛሬ ዝም ብዬ አራርቄ ሰፋሁ። እሱም አንገቱን አስግጎ አየ። እውነትም አልተጨማደደም።

አንድ ሀሳብ መጣልኝ። እኔ ማብረር ብማርስ? በረንዳው ሜዳውን ያያል። ሌላው ቢቀር ቀና ይላል። የማይሆን ነገር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሌላ ምን አለኝ?

ጥር 15

የጋራዡ መካኒክ ሊያስተምረኝ እሺ አለ። ድሮ የራሱን ካይት ይዞ ከባለቤቴ ጋር ጎን ለጎን የሚያበር እሱ ነበር። እስከ ዛሬም "አለቃ" ነው የሚለው።

"አለቃ ያውቃል?"

"በረንዳ ላይ ነው። ይየኛ።"

ዘጠኝ ጊዜ ወደቀብኝ። ዘጠነኛው በአፍንጫው ነው የተተከለው፣ ሸራውን ከሚወጥሩት የፋይበር ዘንጎች አንዱ ተሰበረ። ጉልበቴ ተላጧል። የጋራዡ ሠራተኞች ምሳቸውን እየበሉ ቲያትር አዩ። ቀና ብዬ በረንዳውን ሳየው ፊቱን አዙሯል።

አንዲት ጨዋታ አለች፤ ሁለቱ "ክላች" ይሏታል። ካይቱን አየር ላይ ቀጥ አድርገሽ ታቆሚያለሽ። ቀኝ እጅሽን ድንገት ትስቢና ወዲያው ሁለቱንም እጅሽን ወደፊት ሰጥተሽ ገመዱን ታላያለሽ። ያኔ በሆዱ ይተኛና አንድ ዙር ዞሮ ተመልሶ ይቆማል። መካኒኩ እንዳለኝ እንደ ባለቤቴ አሳምሮ የሚሠራት አልነበረም።

እሷን ሠርቼ ካሳየሁት... ሌላ አልፈልግም። ሌላ አልለምንም።

ጥር 16

የተሰበረውን ዘንግ ደብቄ ልገባ ስል አየኝ። "በባዶ እጅሽ እንዳትዳብሺው" አለ። ዘገየ፤ ስንጣሪው አውራ ጣቴ ውስጥ ገብቷል።

አዲሱን ዘንግ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ እንድቆርጥ፣ ብናኙን እንዳልስበው፣ ጫፉን በአሸዋ ወረቀት እንዳለሰልስ አዘዘኝ። ልክ እንደ ድሮው፣ ቁጣ ቁጣ እያለው። ስንጣሪውን በመርፌ ያወጣልኝም እሱ ነው። መርፌውን በቀኙ ይዞ፣ ጣቴን በግራው ደግፎ። መደገፍ እንኳን አይባልም... ነካ አድርጎ። ትንፍሽ ብል እጁን ይመልሳል ብዬ ፈራሁ።

ጥር 20

ዛሬ እሑድ ነው፣ ገመዱን አስተካከልን።

ሁለቱ ገመዶች በርዝመት እኩል ካልሆኑ ካይቱ ወደ አጭሩ በኩል ይጎትታል። ስለዚህ የፎቃችን ኮሪደር ጫፍ ላይ ሁለቱንም አንድ ሚስማር ላይ አሰርኩ። እሱ ሌላኛው ጫፍ ወንበር ላይ ተቀምጦ አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ እጁ ስቦ አስተያያቸው። ረዝሟል ያለውን ቋጠሮውን አስገብቶ አሳጠረው። ጎረቤቶች ገመዱን እየተሻገሩ ያልፋሉ፤ አንዷ የልብስ መስጫ መስሏት ተቆጣች።

በግራው ይይዛል፣ በቀኙ ያዞራል፣ በጥርሱ ያጠብቃል። አርባ ደቂቃ። አርባ ደቂቃ ሙሉ ግራ እጁ ሠራ። ኳሱን አልጨበጠም፣ ገመዱን ግን ጨበጠው። ሲጨርስ ላብ በላብ ሆኖ "ሂጂ አሁን፣ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄድልሽ" አለኝ።

ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ጥር 22

ወደ ቀኝ ይጎትታል።

መካኒኩ ሜዳው ላይ ካስማ ተክሎ ለካው። የቀኙ ገመድ ሁለት ጣት ያጥራል። "ግራውን በደካማ እጁ ሲስበው በደንብ አልተወጠረም" አለኝ። "ግራው አጭር መሰለው፣ ከዚያ ቀኙን አሳጠረ። ንገሪው።"

"አልችልም።"

"ምን አለበት?"

ምን አለበት ይለኛል። በአምስት ወር ውስጥ በእጁ የሠራው አንድ ነገር ይሄ ነው። እንዴት አፌን ሞልቼ ተበላሽቷል እለዋለሁ?

ቋጠሮውን ፈትቼ በራሴ አሠራር ቋጠርኩት። አበረርኩ። ወደ ቤት ልመለስ ስል ደግሞ የእኔን ፈትቼ የእሱን ቦታው መለስኩ። የእሱን እንዲመስል በጥርሴ ነክሼ አጠበቅኩት። መካኒኩ ዞር ብሎ ሌላ ሌላውን አየ።

"እንዴት ነበር?" አለኝ በሩን ስከፍት።

"ቀጥ ብሎ ሄደ።"

ፈገግ አለ።

የካቲት 3

ክላቿ እምቢ አለችኝ። እስባለሁ፣ ካይቱ ይንጋደዳል፣ ይወድቃል። ዛሬ አሥራ ሰባት ጊዜ። የልጓሙ ክር ተበጠሰ፤ ገመዱን ከካይቱ አፍንጫና ከዘንጎቹ ጋር የሚያያይዘው። ቤት ገብተን አብረን ቀጠልነው።

"ስበሽ አትለቂም" አለኝ። "ክላች ረግጠሽ መቼም ሳትለቂ አትሄጂም አይደል? ከሳብሽው በኋላ እመኚው። እጅሽን ስጪው።"

ለእሱ ለመናገር ቀላል ነው። የምይዘው ሁሉ እንዳይወድቅብኝ ነው የፈራሁት።

በየእሑዱ ኮሪደር ላይ ያስተካክላል። እኔ በየቀኑ እፈታለሁ፣ በየቀኑ መልሼ እነክሳለሁ። ኳሱን ዘጠኝ ጊዜ ጨበጠ። ዘጠኝ።

እትዬ ደውለው መኪና ተከራይቻለሁ አሉ። መምጣት የለብሽም እንዲላቸው ጠበቅኩ። አላለም።

የካቲት 13

ሠራኋት።

ነፋሱ ለስላሳ ነበር። አቆምኩት፣ ሳብኩ፣ ወዲያው እጆቼን ሰጠሁት... በሆዱ ተኛ፣ ዞረ፣ ቆመ። ሁለት ጊዜ ደገምኳት። ቀና ስል በረንዳው ላይ ቆሟል። ከዘራውን ወደ ላይ አንስቶ። ያለ ከዘራ ቆሞ ማለት ነው።

ዕቃውን እንደነገሩ ጠቅልዬ ወደ ቤት ሮጥኩ። በሩን ከፍቶ ጠበቀኝ። ሳቀ፣ ጥርሱ ሁሉ ታየ። "አየሽ? ገመዱ ልክ ሲሆን እንዲህ ነው" አለ። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ገመዱን ሊጠቀልል ተቀበለኝ።

ቋጠሮውን ሳልመልስ መጥቻለሁ።

በጣቱ ዳሰሰው። ወደ ዓይኑ አስጠጋው። የልብስ ሰፊ ቋጠሮ ነው፣ ዓይኑን የጨፈነ ሰው እንኳን ያውቀዋል። ገመዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወደ በረንዳ ሄደ።

የካቲት 14

ኳሱን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አገኘሁት።

የካቲት 16

ዛሬ ተናገረ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከመጀመሪያው ቀን።"

"እየፈታሽ፣ መልሰሽ እየቋጠርሽ?"

"አዎ።"

"በጥርስሽ?"

"በጥርሴ።"

"እጄ እንደማይረባ አውቃለሁ" አለ። "እሱን ማንም አይነግረኝም። አንድ የሚሠራ ነገር አለኝ ብዬ ነበር... እሱንም አንቺ ነሽ የሠራሽው።"

የቀኙ ገመድ ለምን ሁለት ጣት እንዳጠረ አልጠየቀኝም። እኔም አላስረዳሁትም። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት እጁን አነሳ፣ ቀኝ እጁን፣ ተይኝ ለማለት።

ምን ብዬ ነበር ግን ያደረግኩት? አዝኜለት? አላዘንኩለትም። እንዳይሄድብኝ ነው። አጥብቄ ልይዘው ብዬ ነው። እንዲህ ብዬ ብነግረው ኖሮስ?

የካቲት 18

ሻንጣውን እንዳዘጋጅለት ጠየቀኝ። ስምንት ሸሚዝ አጠፍኩ። አንዱ ቁልፍ ጎድሎት ነበር፣ ተከልኩለት። ሲያየኝ ሲያየኝ ቆይቶ ወጣ። ቁልፉን ባልተክለው ምናለ? ቁልፍ የጎደለው ሸሚዝ ይዞ አይሄድም ነበር እኮ... ጅል።

ከፊት በኩል አምስት ቀን ባዶ ነው። ባዶውን ገጽ እያየሁ መቀመጥ አልቻልኩም። ደብተሩን ስፌት መኪናው ላይ ጥዬው ቀሚሶቹን ላደርስ ሄድኩ። ስመለስ እዚያው ነበር።

የካቲት 19

ነገ ነው። አንዱን ቀሚስ ሦስት ጊዜ ሰፍቼ ሦስት ጊዜ ተረተርኩት።

የካቲት 20

እትዬ በጠዋት መጡ። ከገበያ የተመለስኩት እሳቸው ከደረሱ በኋላ ነው። ወደ ፎቅ ስወጣ ሻንጣው በር ላይ፣ እሳቸው ኮሪደር ውስጥ ጎንበስ ብለው ጠርሙስ ውስጥ ውሃ እየቀዱ።

"ኧረ ይሄ ሰው ምን ሆነብኝ?" አሉኝ። "ለመውሰድ ብመጣ ውሃ ያስቀዳኛል።"

ሁለቱ ገመዶች ጫፉ ላይ ሚስማሩ ላይ ታስረዋል። በዚህኛው ጫፍ በወንበሩ መደገፊያ ላይ አልፈው ወደ ታች ተንጠልጥለዋል። በእያንዳንዱ ገመድ ጫፍ ላይ ሙሉ ጠርሙስ ታስሯል። እሱ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። የማንም እጅ ገመድ አይስብም።

"ግራውን በደካማ እጄ ስስበው በደንብ አይወጠርም" አለ ቀና ሳይል። "ጠርሙስ ግን ደካማና ጠንካራ እጅ የለውም። ሁለቱንም እኩል ይስባቸዋል።"

የእኔን ቋጠሮ ፈትቶታል። የራሱን አስገብቷል፤ በግራው ይዞ፣ በቀኙ አዙሮ፣ በጥርሱ አጥብቆ። "ለኪው" አለኝ። ለካሁት። እኩል ነው። እንደገና ለካሁት። እኩል ነው።

"ሁለተኛ ብትነኪው ወዮልሽ። ከተበላሸም ተበላሽቷል በይኝ።"

"እሺ።"

"እሺ አይደለም። በይኝ።"

"እልሃለሁ።"

ሜዳ ወረድን፣ ሦስታችን። የግራውን መያዣ ከሸሚዝ እጅጌ በሰፋሁት ማሰሪያ እጁ ላይ አሰርኩለት። መካኒኩ ካይቱን አቁሞ ለቀቀለት። ወጣ፣ ተንገዳገደ፣ ወደቀ። ግራ እጁ ቀድሞ ይሰጣል። ልረዳው እጄን ስዘረጋ "አትንኪኝ፣ ይውደቅ" አለ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ወደቀ። እንደገና ወደቀ። አንዴ እስከ አሥር ስንቆጥር አየር ላይ ቆየና እንደ አውቶቡስ ሾፌር ሰደበው።

እትዬ ካስማው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው "ታዲያ እኔን ለምን አስጠራኸኝ?" አሉት።

"ውሃ ልትቀጂልኝ" አላቸው።

ሐሙስ ብቻቸውን ይመለሳሉ። ሻንጣውን ልፈታ ስል ከለከለኝ፤ እኔው እፈታዋለሁ አለ። እስካሁን ሦስት ሸሚዝ አውጥቷል።

አሁን የዛሬውን ልመዝግብ ብዬ ደብተሩን ከፊት ገለጥኩ። ተጽፏል። በእሱ ጽሕፈት። "ኳስ የለም። ካይት፦ አሥራ አንድ ጊዜ ወደቀ።" ከስር ደግሞ በትንሹ፦ "ከኋላ ያለውን አላነበብኩም።"

ከኋላ የሚነበብ እንዳለ ማን ነገረው? ግራው በደንብ እንደማይወጠርስ? መካኒኩን ሜዳ ላይ ጠይቄዋለሁ፤ ለአለቃ አንድም ቃል አልተነፈስኩም ብሏል። እነዚያ ቃላት ያሉት እዚህ ደብተር ውስጥ ብቻ ነው፣ ጥር 22 ላይ።

አንብቦታል። ማልቀሴን፣ መንከሴን፣ እንዳይሄድብኝ መፍራቴን፣ ሁሉንም። እንዳላፍር ብሎ ነው የዋሸኝ።

እኔ ግን ዝም አልለውም። ነገ ሜዳ ላይ፣ ማሰሪያውን እጁ ላይ ሳስርለት፣ አንብበኸዋል እለዋለሁ።