ፕላዝማው ይጥፋ ወይስ ይቆይ

ሰኞ
አጠፋሁት። በትምህርቱ መሃል፣ በሪሞት። ፕላዝማው ላይ ያለው የሂሳብ አስተማሪ በእንግሊዝኛ ይፈጥናል፤ የእኔ ዘጠነኛ ክፍሎች አፋቸውን ከፍተው ያዩታል። በሳተላይት ስለሚመጣ ድገምልን አይባልም። ጠመኔ አነሳሁና ራሴ አስተማርኩ። ከድር ከኋላ «ገባኝ!» ብሎ ሲጮህ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እንዲህ ደስ ካለኝ ስንት ጊዜዬ!

ማክሰኞ
ዳይሬክተሩ ጠሩኝ። ማን እንደነገራቸው እንጃ። «እንዲጠፋ የምትወስኚው አንቺ ነሽ?» አሉኝ። «እንዲበራስ የወሰነው ማነው?» አልኩ። አመለጠኝ። እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። ተቆጥተው ይሁን ግራ ገብቷቸው አልለየሁም።
ሐሙስ ከዞን ሰው ይመጣል። ስለ ፕላዝማው ስብሰባ አለ፤ መምህራንና የወላጅ ኮሚቴ ብቻ። ተማሪዎቹስ? አልኩ። ልጅ ናቸው፣ ምን ያውቃሉ አሉኝ። አልለቀቅኳቸውም። በመጨረሻ «ሁለት አምጪ፤ ቢያሳፍሩን በአንቺ ነው» አሉ።

ረቡዕ
አንዱ ከድር ነው። ሌላዋ ዘሃራ፤ ወደ ሰቃ በሚወስደው የገጠር መንገድ በእግሯ የምትመጣ፣ ጎበዝ፣ ድምጿ የማይሰማ። ምን እንደምትል አልጠየቅኳትም። ምን ልትል ትችላለች?

ሐሙስ
በቅደም ተከተል ልጻፈው፤ ምናልባት ይገባኛል።
ከድር እንደጠበቅኩት «ቲቸር ይበቁናል፤ ቴሌቪዥኑ ለኳስ ይሁን» አለ። ተሳቀ። ከወላጆች ሀጂ ሱልጣን፣ ሄርማታ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡት፣ «የአዲስ አበባ ልጅ የሚያየውን የእኛም ልጅ ይይ እንጂ» አሉ። ከዚያ ዘሃራ ተነሳች። አንገቷን እንደደፋች፣ በኦሮምኛ ጀምራ፣ «ሂን ዳምሲና፣ አታጥፉት» አለች። «ቲቸር ሲያስተምሩ ይገባኛል። ግን የሚጠይቁት ወንዶቹን ነው። ፕላዝማው ለማንም አያዳላም።»
ፊቴ ጋለ። እኔው ነኝ እኮ ያመጣኋት!
የዞኑ ሰውዬ «ለሚመለከተው አካል እናቀርባለን» ብለው መኪናቸው ውስጥ ገቡ። የሚመለከተው ማን እንደሆነ አልተናገሩም። እኛስ አይመለከተንም?

ዓርብ
ወደ ጅሬን ኮረብታ ሽቅብ ስንወጣ ለአስቴር ነገርኳት። አብራኝ ታስተምራለች። «ተያት፣ ልጅ ናት» አለችኝ። ልስማማ ምንም አልቀረኝም። ይህንኑ ነገር ዳይሬክተሩ ሲሉኝ እኮ ነው የተሟገትኩት።
ዛሬ ክፍል ውስጥ ራሴን ታዘብኩት። ማንን ጠየቅኩ? ከድር። አብዲ። ዳዊት። እንደገና ከድር። እያወቅኩ እንኳ!

ሰኞ
ፕላዝማው በራ፤ አላጠፋሁትም። ልጆቹ አሁንም አልገባቸውም። ከዞን ምንም አልተሰማም፤ ይጥፋ ቢሉ ይሻለኛል ወይስ ይቆይ ቢሉ፣ እሱንም አላውቅም።
ሲያበቃ ዘሃራን በስሟ ጠርቼ ጠየቅኳት። ተሳሳተች። ወንዶቹ ሳቁ። ዝም አሰኘኋቸውና እንድትሞክር ጠበቅኳት፤ ሁለተኛም ተሳሳተች። በሰው ፊት አዋረድኳት አልኩ በልቤ።
ስወጣ በረንዳው ላይ ደረሰችብኝ። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር።
«ቲቸር፣ ነገም ይጠይቁኝ» አለችና ሮጠች።
እሺ አልኳት። ርቃለች፤ መስማቷን እንጃ።