ከባቡር ጣቢያው ማረፊያ ማን አስወጣህ?

ወንድም ጋሼ ባምላክ፣ እንደምን ከረምህ? የሄድህበት አገር ተስማማህ ወይ? ትኩሳቱ ለቀቀህ? ያ የሚያንዘፈዝፍህ ነገር ተወህ? እኔ ደህና ነኝ። እናታችን ደጊቱ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ቆማ ትሄዳለች። እህታችን ሸጋም ደህና ናት። ፈረስህ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ባለው መስክ ይውላል፤ ሰው ባለፈ ቁጥር አንገቱን ቀና አድርጎ ያያል። እንጅባራም እንደምታውቃት ናት፤ ጉሙ ረፋድ ሳይሆን አይነሣም።

መልስ እንደማትጽፍልኝ አውቃለሁ። በኅዳር መጀመሪያ ከቀበርንህ ወዲህ ሰው ሁሉ «አልቅስና ይውጣልህ» ይለኛል። እኔ ግን ማልቀስ አቃተኝ። ከዚያ ከባቡር ጣቢያው ማረፊያ ክፍል ማን እንዳስቀረህ ሳላውቅ እንዴት ላልቅስ? አሁን ደርሼበታለሁ። አንተ ታውቀዋለህ፤ ቢሆንም ከእኔ አፍ ስማው።

ጓደኛህ ቢሻው አስከሬንህን ይዞ ሲመጣ ለቅሶው ላይ የተናገረው እንዲህ ነበር። ቆላ ወርዳችሁ የቀን ሥራ ስትሠሩ ወባ ያዘህ። ወደ አገር ሊያመጣህ ባቡር ጣቢያ ወሰደህ፤ ባቡሩ ግን ዘገየ። ጥበቃው ማረፊያው ውስጥ አላስገባም ስላለ ደጅ ፀሐይ ላይ ዋላችሁ። ራስህን ስትስት ጤና ጣቢያ አደረሰህ፤ አልተረፍህም። ሐኪሙም «ወባው ብቻ አይደለም፤ ሙቀቱ ነው የጨረሰው» አለ። ቢሻው ይህን ሁሉ ሲናገር ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። እናታችንን አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ አላያትም። ያን ጊዜ ጠረጠርሁት።

የጠረጠርሁት እኔ ብቻ አልነበርሁም። አጎታችን መሳፍንት ሰው እየሰማ «አብረው ሄደው አንዱ ብቻ በጤናው የሚመለስበት መንገድ ምን ዓይነት መንገድ ነው?» አሉ። ቢሻው ከተመለሰ በኋላ እንጅባራ ላይ ባጃጅ ይዞ ነበር፤ የሚያውቁት ሁሉ የሱን ትተው ሌላ መያዝ ጀመሩ። አንዱማ «በሱ ባጃጅ ከሄድህ መንገድ ላይ ያወርድህና ፀሐይ ላይ ያሰጣሃል» ብሎ ሲያስቅ ሰማሁ። አልሳቅሁም፤ አልተቆጣሁምም።

እናታችን ደግሞ ለመጣው ለሄደው አንድ ነገር ትደጋግም ነበር። «እንደምንም ኔትወርክ ሠርቶልኝ በስልክ አግኝቻቸዋለሁ። ቢሻው ነፋስ ያለበት ነን ሲለኝ፣ በል ከነፋስ አውጣው፣ በጋቢ ጠቅልለው ብዬው ሰምቶኛል። ልጄን ብርድ እንኳ አልመታብኝም» ትላለች። መጽናኛዋ ይኸው ብቻ ነበር።

መንገዱ ሰላም ሆነ ሲባል አጎታችን ጣቢያው ዕቃ ቤት የቀረውን ሻንጣህን ሊያመጡ ተነሡ። እኔም ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ ተከተልኋቸው። ለሻንጣው ብዬ አልነበረም።

ባቡር በዓይኔ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ግን ባቡሩን ትቼ ማረፊያውን ስመረምር ዋልሁ። ሕንፃው ትልቅ ነው፣ ወለሉ ፊት ያሳያል። ደጃፉ ላይ ግን ጥላ የለም፤ ሰው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ የፀሐይዋን መዞር እየተከተለ ይዞራል። ታችኛው አዳራሽ የሚከፈተው ባቡሩ ሊደርስ ሲል ነው። ወንበሩ ብረት ነው፤ በየመካከሉ የክንድ ማሳረፊያ ስላለው ጋደም ማለት አይቻልም። «ይህን ያበጁት የታመመ ሰው እንዳይተኛበት ነው» አልሁ በልቤ። ለአካል ጉዳተኛ የተሠራው መግቢያ በሰንሰለት ታስሯል። ሽንት ቤቱ ያምራል፤ ቧንቧው ግን ደረቅ ነውና በበርሜል የተቀመጠ ውኃ በጆግ ይቀዳል። ስልክ መሙያው ጋ ሰው ተኮልኩሎ እርስ በርስ ይጠባበቃል። ሁሉም ነገር ለሰው ተሠርቶ መልሶ ከሰው የተደበቀ መሰለኝ።

ወደ ጎን በመስታወት የተከለለ ሌላ ክፍል አለ። ለስላሳ ወንበር፣ የሚጠጣ ውኃ፣ ከግድግዳው ቀዝቃዛ አየር የሚነፋ ማሽን አለው። በሩ ላይ «ለሕሙማን፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአረጋውያን» ይላል። ይህን ሳነብ ደሜ ፈላ። ሕሙማን ይላል እኮ፣ ወንድም ጋሼ!

በሩ ላይ የቆመው ጥበቃ ሀቢብ ይባላል። ትኬት ሲለኝ ፎቶህን አወጣሁና «ይህን ልጅ ለምን አላስገባኸውም?» አልሁት። ፎቶውን ተቀብሎ እያየ ቆየ። «አቦ! በጋቢ የተጠቀለለው!» አለ። «እኔ አይደለሁም እንዴ ደግፌ ያስገባሁት? እዚያ ጥግ ካለው ረጅሙ ወንበር ላይ አስተኛሁት። ያወጣው ያ ጓደኛው ነው! በማላውቀው ቋንቋ ስልክ ሲያወራ ቆየና አንሥቶት ወጣ። ኧረ ውጭ እሳት ነው፣ ወዴት ነው ብለው አልሰማኝም። እንዲያውም የራሱን ጋቢ ጨመረበት» አለኝ። «ደህና ነው አይደል ልጁ?» ብሎም ጠየቀኝ። ሞተ አልሁት። ፎቶህን በሁለት እጁ መለሰልኝ።

አጎታችን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ራሱን ለማዳን ነው፤ ጥበቃ ምን ይላል ብለህ ነው?» አሉኝ። እኔም አላመንሁትም። ግን ቢሻውንም ማመን አቃተኝ። ሀቢብ «ግባና ራስህ እየው» ብሎ የመስታወቱን በር ከፈተልኝ። ገባሁ። የእኛ አገር ንጋት ማለት ነው፤ ላቤ ወዲያው ደረቀ፣ ክንዴን ብርድ ወረረኝ። እናታችን አብራኝ ብትሆን ነጠላዋን አውልቃ ትደርብልኝ ነበር ብዬ አሰብሁ። ይህን ማሰቤን በኋላ ነው ያስተዋልሁት።

እንጅባራ እንደገባን ቢሻውን ባጃጅ መቆሚያው ላይ አገኘሁት። በሩን ማን ከፈተላችሁ ስለው «ነገርሁህ እኮ፣ አላስገቡንም» አለኝ። ሀቢብ ሌላ ነው ያለው አልሁት። ስሙን ሲሰማ ሞተሩን አጠፋ። ዙሪያውን አየና «እማማ ደጊቱ የት ናቸው?» አለኝ። ኪራይ ክፍላችን ናት ስለው፣ ለእሷ እንዳልናገር አስምሎ ነገረኝ።

እውነትም ሀቢብ አስገብቷችኋል። ከማሽኑ ሥር ስትሆን ጥርስህ ሲንገጫገጭ ቢሻው ፈራ፤ ጨንቆት ለእናታችን ደወለ። በአገውኛ ነው የተነጋገሩት። የጣቢያ ክፍል፣ የአየር ማሽን ምናምን አላላትም፤ «እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ያለንበት ነፋስ አለው» ብቻ አላት። እሷም ያለችውን ታውቃለህ። «እኛ አገር ትኩሳት የያዘውን ሰው ማን ነፋስ ላይ ያስተኛዋል? እኔስ ከእናትህ ሌላ ማንን ልስማ? ለእኔም የመሰለኝ እንደሳቸው ነበር» አለኝ ቢሻው። ስልኩን ጆሮህ ላይ ሲያደርግልህ «እሺ እማ» ብለህ ራስህ ተነሣህ አለ። ሐኪሙ ስለ ሙቀቱ ሲናገር ነው የገባው። አገር እስኪደርስ ሲያስብ መጥቶ ነገሩን በጥበቃው ላይ ጣለው። «እሳቸው ቢሰሙ የሚኖሩ ይመስልሃል? እኔን ይጠርጥሩኝ፤ እችለዋለሁ። ባጃጅዋም ሰው ካልጫነች ነዳጅ አትበላም» ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ።

ጥርጣሬ ግን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ያ ጽሑፍ ለሕሙማን ነው ካለ ቅዝቃዜው ለምን እንደሆነ ለምን አይናገርም? ሀቢብ እሳት ነው ካለ ለምን በሩ ላይ አልተጋደመም? ባቡሩስ ለምን ዘገየ? ሌሊት ሌሊት ሁሉንም በየተራ እከሳለሁ። ሁሉንም ከስሼ ስጨርስ የሚቀረኝ የእናታችን ድምፅ ነው፤ እሱን ደግሞ መክሰስ አልችልም።

ከጣቢያው ሳልመለስ ቀድማ፣ ብቻውን አይደር ብላ እናታችን ከሸጋ ጋር የእኔና የአንተ ኪራይ ክፍል መጥታ ከርማ ነበር። አንድ ማታ «ክፍሉን አየኸው? እንዴት ያለ ነው?» አለችኝ። ተዘግቶ ነበር አልኋት። ጥበቃውን ረገመችው። ያ ሰው ደግፎ አስገብቶህ ሳለ ሲረገም ዝም ብዬ ሰማሁ። አንተ ካለህበት ሆነህ እርግማኑን ከሱ ላይ አንሣለት።

እንግዲህ አባታችንን እዚያ አግኝተኸው ከሆነ ሰላም በልልኝ። እናታችን ስምህን ሳትጠራ አታድርም። ሸጋ ሰላም ብላሃለች፤ ሹራብህን ወስዳ እጅጌውን እየጠቀለለች ትለብሰዋለች። አጎታችን መሳፍንት ሰላም ብለውሃል፤ ሻንጣህን እንደተቆለፈ አስቀምጠውታል። ቢሻውም ሰላም ብሎሃል።

የአርባ ቀን ተዝካርህ ወጣ። እናታችንና ሸጋ ትናንት ወደ ቤታቸው ወደ ዘንገና ተመለሱ፤ ዛሬ ጠዋት ከሞትህ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ነቃሁ። ከአልጋህ በኩል ድምፅ ስጠብቅ ትንሽ ቆየሁ። ፊቴን ታጥቤ ዩኒፎርሜን ለበስሁና ወደ ባጃጅ መቆሚያው ወረድሁ። አጎታችን ከመንገዱ ማዶ ከሰዎች ጋር ቆመዋል። ቢሻው ባዶውን ከመጨረሻ ቆሟል። የፊተኛው ሹፌር «እንዳልካቸው፣ አንድ ሰው ነው የቀረኝ፣ ና ግባ!» ብሎ ጠራኝ። አልፌው ሄድሁ። ቢሻው ሲያየኝ ራሱን ነቀነቀ፤ እንዳልገባ መከልከሉ ነው። የኋላው ወንበር እንዳለ ባዶ ነበር፤ እኔ ግን ከፊት ከጎኑ ተጣብቄ ተቀመጥሁ። «ከኋላ ሁን እንጂ፣ ሰው ያይሃል» አለኝ። እንዲያየኝ ነው አልሁት። ከዚያ በአቋራጩ ሳይሆን በገበያው በኩል፣ ቀስ ብሎ እንዲነዳ ነገርሁት። እያለቀስሁ ነበር፣ እሱም አይቶኛል፤ ትምህርት ቤት የደረስሁት የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ካለቀ በኋላ ነው።

ታናሽ ወንድምህ እንዳልካቸው
እንጅባራ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.